የዳኑ ሰዎች በር

በእኛ አገር ሰው ከነቀርሳ ሲድን ነጋሪት ይጎሰማል። ሌላ በሽታ ይህ ክብር የለውም። ከወባ የዳነ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል፤ እግሩ ተሰብሮ የተጠገነም እንደዚያው። ከነቀርሳ የዳነ እንደሆነ ግን የምሥራች ሹሙ ራሳቸው ካባቸውን ደርበው ይመጡና ሐኪም ቤቱ የኋላ በር ላይ ቆመው «እገሌ ድኗል፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላሉ። ሰዉ እልል ይላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ የዳነውም ሰው አንገቱ ላይ ነጭ ሻሽ ታስሮለት በሰው ታጅቦ ይሄዳል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ አልዋሽም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሐኪም ቤታችን ሁለት በር አለው። በፊት ለፊቱ የታመመ ይገባል፤ በኋላው የዳነ ይወጣል። በኋላው የወጣ ሰው በፊት ለፊቱ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ምሥራቹ ተነግሯላ። «አሞኛል» ብሎ የተመለሰ ሰው ምሥራች አፍራሽ ይባላል። ጎረቤትም ቢሆን የዳነን ሰው «እግዜር ይማርህ» አይለውም። ቢያቃስትም፣ ቢያነክስም፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ቢሰበስብም «እንኳን ደስ ያለህ» ነው የሚባለው። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አላውቅም። ታሞ የማያውቅ ሰው መሆኑን ግን ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እምላለሁ።

እኔ ባዩሽ እባላለሁ፤ ኖራ ቀቢ ነኝ። የከተማው ግድግዳ ክረምት በወጣ ቁጥር በነጭ ኖራ ይቀባል፤ ሥራው የእኔና የታላቅ እህቴ የይመናሹ ነበር። ሙያውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ የመታችኝም፣ ያሳቀችኝም፣ የዳረችኝም እሷ። ባሌ ሲሞት «ነይ ወደ ቤትሽ» ብላ መልሳ የወሰደችኝም እሷ ናት። መሰላል ላይ ወጥታ መጥረጊያውን ስታወዛውዝ ለሚያያት ግድግዳውን የምታጥበው እንጂ የምትቀባው አይመስልም ነበር።

ነቀርሳው የያዛት ጡቷ ላይ ነው። ቆርጠው አወጡላት። ከዚያ ብርቱውን መድኃኒት ሰጧት፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ ጥፍሯ ጠቆረ፣ የበላችው ሁሉ አልረጋ አለ። እኔ ቀብሬያት ልቅሶ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ግን ዳነች። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምለው፤ እውነትም ዳነች፤ ሐኪሞቹን እግዜር ይስጣቸው። ነጋሪቱ ሲጎሰም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እጇ ያብጥ ጀመር። ብብቷ ሥር የነበሩትን እጢዎች አብረው ስላወጡ በእጇ ውስጥ ያለው ውኃ መሄጃ አጥቶ ነው። ከጣቷ እስከ ክንዷ ተነፍቶ እጅጌዋ አልገባ አላት። ወደ ሐኪም ቤቱ የፊት በር ሄድን።

«ወጥተሻል?» አላት በረኛው።

«ወጥቻለሁ።»

«እንግዲያ እንኳን ደስ ያለሽ።»

«እጄ አብጧል።»

«አንቺ ድነሻል እኮ።»

«እኔ ድኛለሁ። እጄ ነጋሪቱን አልሰማ ይሆናል» አለችው። እሷ እንዲህ ናት። በረኛው ግን ቀልድ የሚገባው ዓይነት ሰው አልነበረም።

በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተጽፏል። ዙሪያውን በየዓመቱ የምንቀባው እኛው ነን።

እንግዲህ ሰው መላ አያጣም። በከተማችን ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያወራው አንድ ዘዴ ነበር፤ መዋስ ይባላል። የዳነው ሰው ሕመሙን ለጤነኛ ዘመዱ ያውሰዋል፤ ጤነኛው በፊት በር ይገባና «አመመኝ» ይላል፤ የታዘዘለትን ይዞ ቤቱ ይመለሳል። ሚስት ለባሏ ታነክሳለች፤ ልጅ ለአባቱ ያቃስታል። እኔም እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ገባሁ።

ሐኪም ዘውገ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እጃቸው የሚሞቅ። ጨርቁን ፈትተው እጄን አገላብጠው አዩት። እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ እጅ ነው።

«ይኼ ነው ያበጠው?»

«አሁን ጎድሎ ነው እንጂ ጠዋት ጠዋት ያብጣል» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የበሩን አቅጣጫ አዩ፤ የምሥራች ሹሙ ሎሌ ሁልጊዜ እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ምንም ሳይሉ ያሹኝ ጀመር። በመጀመሪያ ትከሻዬን፣ ቀጥሎ ክንዴን፣ በመጨረሻ ጣቶቼን፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ሁልጊዜ በስሱ። ሲጨርሱ ከጣቶቼ ጀምረው በፋሻ ጠቀለሉኝ፤ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። እኔ ዐይኔን አልነቀልኩም። ቤት ስገባ ይመናሹን አስቀምጬ እንዳዩኝ አየኋት፤ እንዳሹኝ አሸኋት።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ግድግዳ አደረግሽኝ» ትለኛለች።

«ግድግዳ እንኳ እንዳንቺ አይነጫነጭም» እላታለሁ።

የእጇ እብጠት ጎደለ። ደስ አለን፤ ደጋግሜ ሄድኩ። እግሯን ሲያደነዝዛት የእኔን እግር አደነዘዘኝ አልኩ፤ «ሙቅ ውኃ ሲሆን በእግርሽ አትመኚው፣ በክርንሽ ለኪው» አሉኝ፤ ነገርኳት። መርሳት ስትጀምር ረሳሁ ብዬ ሄድኩ፤ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ሳላስበው «ረቡዕ» ብዬ መለስኩና ጉዴ ፈላ። ይመናሹ ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም፤ ትንፋሽ አጠራት።

የትንፋሿ ነገር ከዚያ ወዲያ እየባሰ ሄደ። መጀመሪያ መሰላል መውጣት ተወች። ቀጥሎ ከደጃፍ እስከ ጉድጓዱ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ መሐል ላይ የምትቀመጥበት ድንጋይ አስቀመጥኩላት። እግሯ አበጠ። ጋደም ስትል ያፍናት ስለነበር ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ትተኛለች። ጎረቤቶቻችን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሲያገኟት እንደ ሥርዓቱ «እንኳን ደስ ያለሽ ይመናሹ» ብለው ያልፋሉ። እሷም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ትላለች። እኔ በመስኮት አያለሁ።

ሄድኩ። «ልቤ ደከመ፤ ስጋደም ያፍነኛል፤ እግሬ ያብጣል» አልኩ። ሐኪም ዘውገ የልብ ማዳመጫቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ፤ ከፊት ሰሙ፣ ከኋላ ሰሙ።

«ልብሽ የበሬ ልብ ነው» አሉ።

«ደግመው ይስሙት።»

ደገሙት። «ምንም የለበትም ልጄ። ስታረጂም ይኼው ልብ ያገለግልሻል።»

«የሌላ ሰው ልብ ቢሆንስ?» አልኩ፤ አፌ አመለጠኝ።

በርጩማው ላይ ያለው ሎሌ ቀና አለ። ሐኪሙ ማዳመጫቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እጅ ይዋሳሉ፤ እግር ይዋሳሉ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልብን ግን ባለቤቱ ካላመጣው መስማት አልችልም።»

እያለቀስኩ ወጣሁ። በረኛው አየኝና አዘነልኝ። «እግዜር ይማርሽ» አለኝ። እኔን፣ የበሬ ልብ ያለኝን። ልነክሰው ምንም አልቀረኝም።

እንግዲህ ይመናሹ በዚያ በር ካልገባች እንደምትሞት የዚያን ቀን ገባኝ። በሩን የሚከፍተው ደግሞ ሸንጎው ብቻ ነው። በሸንጎው ውስጥ የእኛን ሰፈር ወክሎ የሚቀመጥ ቢያድግልኝ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ከነቀርሳ ድና፣ ነጭ ሻሽ ታስሮላት፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትባል የሞተች ናት። እሱ «የዳኑ ሰዎች እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ በሐኪም እንዲታዩ» የሚል ሕግ አቀረበ። በሸንጎው ለዚህ ሕግ የተጨበጨበለትን ያህል ለሌላ ሕግ ሲጨበጨብ አላየሁም። ማጨብጨብ ይወዳሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ሕጉ ውስጥ ካሉት አንቀጾች አንዱ ወዲያው ጸደቀ፤ የዳኑ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ሰልፍ እንዲወጡና ሻሻቸው ከነጭ ወደ ቢጫ እንዲለወጥ የሚለው ነው። ስለ ሕክምናው የሚናገረው አንቀጽ ለውይይት ቆየ። በሁለተኛው ዓመት ሰዎቹ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ተከራከሩ። አንዱ «ድኖ ታማሚ» ይባሉ ሲል ሌላው «ታሞ ዳኝ» ካልሆነ አለ። ሦስተኛው ተነሣና፣ ሕመሙ አሮጌው ከሆነ ሰውየው አልዳነም፣ አዲስ ከሆነ ደግሞ የዳነ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ ሕጉ የሚመለከተው ሰው በዓለም ላይ የለም ብሎ አስረዳ። ለእሱም ተጨበጨበ።

የምሥራች ሹሙም ተናገሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩ እንባ ተናንቋቸው ነበር። «በዚህ ከተማ ሰው ነቀርሳ ያዘህ ሲባል የሚጽናናው በእኔ ነጋሪት ነው» አሉ። «ዛሬ ነጋሪቱን ብትጠረጥሩት ነገ የሚታመመው ሰው ምን ይዞ ይተኛል?» በዚህ ንግግር እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ይመናሹን ትራስ ደራርቤ አስተኛኋት።

የሸንጎው ሰብሳቢ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወቅት ሲያስተላልፉ «አይዟችሁ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። ከኋላ ወንበር ሆኜ «እንቁላሉ እስኪሄድ ዶሮዋ ትሞታለች» አልኩ። አስወጡኝ።

ሸንጎው ሌላ ልማድ አለው፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። አቤት ባይ ሳይደገፍ፣ ሳይቀመጥ፣ ጉዳዩ ታይቶ እስኪያልቅ መቆም አለበት። ከተቀመጠ ወይም ከወደቀ አቤቱታው ይሰረዛል። ብዙ የዳኑ ሰዎች እየመጡ ሞከሩ። ያልቻሉት ወደቁ፤ አቤቱታቸው ተሰረዘ። የቻሉትን ደግሞ ሰብሳቢው «ይኸው ቆማችኋል፤ ምን ሆናችሁ?» ብለው በሰላም አሰናበቱ።

ይመናሹ ይህን ሁሉ ከእኔ ትሰማ ነበር። አንድ ጠዋት «ቀሚሴን አምጪልኝ» አለችኝ።

«የት ልትሄጂ?»

«ሸንጎ።»

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ። ከጉድጓዱ እንኳ መድረስ አልቻልሽም።»

«ጉድጓዱ ጋ ማንም አይሰማኝም።»

«ትሞቻለሽ!»

«እዚህም ትራስ ላይ ሆኜ ያው ነው» አለች። «ደግሞ አንቺ ስለ እኔ ስትታመሚ ሰለቸኝ። አታውቂበትም። ረቡዕ ነው ያልሽ ቀን ነው ተስፋ የቆረጥኩብሽ።»

በአህያ ጭነን ወሰድናት። ገብታ ቆመች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እንዳልደግፋት ግን አንድ ዘበኛ በመካከላችን ዘንግ ይዞ ቆሟል። ቢያድግልኝ ከወንበሩ ተነሥቶ እሱም ቆመ፤ ማንም አላዘዘውም። ሸንጎው መጀመሪያ በውሾች ጩኸት ላይ የቀረበ ሌላ ጉዳይ ስለነበረው እሱን አየ። ረጅም ጉዳይ ነበር። የይመናሹ ከንፈር ሰማያዊ ሲሆን አያለሁ፤ ላብ ከግንባሯ ሲወርድ አያለሁ። እሷ የምታየው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነው። ኋላ ስጠይቃት «ማን እንደቀባው እያሰብኩ ነበር፤ ጥግ ጥጉን ዘሎታል» አለችኝ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞሩ። «ድነሻል ወይስ ታመሻል?»

 ታምሜያለሁ ካለች ምሥራች አፍራሽ ናት። ድኛለሁ ካለች ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ ተብላ መሸኘቷ ነው።

«ድኛለሁ» አለች ይመናሹ። ትንፋሿን ሰበሰበች። «ድኜም ያመኛል።»

ሰብሳቢው ጠበቁ። 

«አንዱን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሁለቱም እውነት ነው ጌታዬ። ነጋሪቱ አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም።»

ሸንጎው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። አባላቱ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። አንድ ሰው ሁለቱንም ማለት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው እስኪጠና ጉባኤው ተበተነ። ሰብሳቢው ወጡ፤ አባላቱም አንድ በአንድ፣ ወሬያቸውን እያወሩ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ጉባኤው ተበተነ አይባልምና ይመናሹ እንደቆመች ናት። የምሥራች ሹሙ ከሁሉ ኋላ ቀርተው ነበር። በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም አሉ፣ አዩዋት፣ ከዚያ ፈጠን ብለው ወጡ። አሁን ሳስበው ሰውዬው እንድትቀመጥ ብለው የተጣደፉ ይመስለኛል። በሩ ሲዘጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አዝዬ አወጣኋት። ያዘልኩት ሰው አልመስል አለኝ፤ እንዲህ ቀልላ ነበር።

በሚቀጥለው ወቅት ሸንጎው ሁለቱንም ማለት እንደሚቻል ወሰነ። ሕጉ ጸደቀ። ከተማው ጨፈረ፤ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ ሰዎች መንገድ ሞሉ፤ የማያውቁኝ ሰዎች አቀፉኝ። እኔም በነጋታው በማለዳ ይመናሹን ይዤ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ።

በረኛው አላስገባንም። ሕጉ የዳኑ ሰዎች እንዲታዩ ፈቅዷል፤ በየትኛው በር እንደሚገቡ ግን አልተናገረም። በፊት በር እንዳይገቡ ድነዋል፤ በኋላው በር እንዳይገቡ እሱ መውጫ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ በር ሊከፈት ነው ተባለ። ግንበኞች መጡ። የበሩ ስፋት ለዳነ ሰው የሚበቃ ይሁን ወይስ ለታመመ፣ ማለትም ለቃሬዛ፣ በሚለው ላይ ሥራው ቆመ። ዝናብ መጣ። ዝናቡ ሲያባራ ቀጠለ። ግድግዳው ሲያልቅ ለመቀባት የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ይመናሹ ካልመጣሁ አለች። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ በጋቢ ጠቀለልኳት። መሰላሉ ላይ ሆኜ ስቀባ ከታች ታዘኛለች። «ግራውን ዘለልሽው። እዚያ ላይ አቅጥኚው። እንዲህ አድርገሽ ከቀባሽ አልገባበትም።» ቶሎ ለመጨረስ ብዬ እጄ እስኪዝል ቀባሁ። ኖራው እስኪደርቅ ጠበቅን።

በሩ የተከፈተ ቀን የምሥራች ሹሙ ካባቸውን ለብሰው መጡ። ድነው ለሚገቡ ሰዎች የሚባል ቃል ግን አልተዘጋጀላቸውም። ነጋሪቱ አጠገብ ቆሙና አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ይመናሹ በእኔ ትከሻ ተደግፋ የመጀመሪያዋ ሆና ገባች።

ሐኪም ዘውገ አልጋው ላይ አስቀመጧት። መጀመሪያ ቀኝ እጇን አነሡ፤ ጣቶቿን ጫን ጫን አደረጉ፤ ክንዷን አዩ።

«ይህን እጅ ማን ነው ሲያሸው የኖረው?» አሉ። «በጣም ጥሩ ተይዟል።»

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አዩኝ። አስታወሱኝ።  ከዚያ የልብ ማዳመጫውን አውጥተው ደረቷ ላይ አደረጉ፤ ከፊት ሰሙ፣ ከኋላ ሰሙ። የእኔን ከሰሙበት ይልቅ ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ ጠሩኝ።

«ነቀርሳውን የገደለው መድኃኒት ልቧን አድክሞታል» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ደረትሽን ይዘሽ የመጣሽ ጊዜ ብሰማው ኖሮ የምሰጣት ነበረኝ። አሁን እንዳያፍናት ማድረግ እችል ይሆናል። ሌላ አልችልም።»

  ማዳመጫውን ኪሳቸው አልከተቱትም።

ይመናሹ አልጋው ላይ ሆና ታየናለች። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? የእኔ ልብ አይደለም ወይ?» አለች። ከዚያ ለሐኪሙ «እስቲ እሷም ትስማው። ስንት ጊዜ ስለ እሱ የዋሸች ናት» አለቻቸው።

ሐኪም ዘውገ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ሌላውን ጫፍ እኔው በእጄ ደረቷ ላይ፣ ከጠባሳው በላይ አስቀመጥኩት። በሩጫ እንደደከመ ሰው ነበር፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። በጠፋ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ፊቷን ቀና ብዬ አየሁ። ያሳደገችኝ ሴት ዐይን ዐይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ደኅና ነው እትዬ» አልኳት።

ይመናሹ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ያን ሳሸው የኖርኩትን እጇን አንሥታ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። «እንኳን ደስ ያለን» አለች።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ቀበርናት።